ትንሿ ስፖርታዊ መኪና ለምን ታንገጫግጫለች? የሚባለውና እውነታው

ትንሽ ስፖርታዊ መኪና የገዛ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። አንዱ «ሞላውን አስቀይረው» ይለዋል። ሌላው «የጎማውን ንፋስ ቀነስ አድርገው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ተወው፣ እየነዳኸው ይለሰልሳል» ብሎ ያጽናናዋል። ምክሩ ሁሉ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ዕድሜ ያገኘበት ምክንያትም አለው። መንገጫገጩን ወገብና መዳፍ ወዲያው ያውቁታል፤ የሚፈጥሩት ነገሮች ግን ከመኪናዋ ሥር ተደብቀው በአንድ ላይ ይሠራሉ። ሞላው አለ፣ ሾክ አብዞርበሩ አለ፣ ጎማው አለ፣ የመኪናዋ ክብደትና ርዝመትም አለ። የሚሰማን ስሜት አንድ ስለሆነ ጥፋተኛውም አንድ ይመስለናል።

«ትንሽ መኪና የምታንገጫግጨው ርካሽ ስለሆነች ነው»

ከትልቅና ውድ መኪና ወርዶ ትንሿ ውስጥ የገባ ሰው ልዩነቱን በዋጋ ይተረጉመዋል። ዋጋ ድርሻ የለውም አይባልም። ዋናው ምክንያት ግን የክብደትና የርዝመት ሕግ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፋብሪካ ገንዘብ ከፍሎ አያመልጠውም።

የእንግሊዟ ሚኒ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1956 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ቦይ ቀውስ በእንግሊዝ የነዳጅ እጥረት ባስከተለ ጊዜ፣ ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን አሌክ ኢሲጎኒስ የተባለውን መሐንዲስ በጣም ትንሽ፣ ግን አራት ሰው በምቾት የምትይዝ መኪና እንዲነድፍ አዘዘው። በነሐሴ 1959 ለሕዝብ የቀረበችው መኪና ርዝመቷ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 600 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። አራት ጎልማሶች ሲሳፈሩባት ወደ 300 ኪሎ ይጨመርባታል፤ ይህም የራሷን ክብደት ግማሽ ያህላል። እነዚሁ አራት ሰዎች 1,800 ኪሎ በሚመዝን ትልቅ መኪና ላይ ቢሳፈሩ የክብደቱን አንድ ስድስተኛ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ የትንሿ መኪና ሞላ ባዶዋን ስትሄድ እንዲመች ተደርጎ ቢለሰልስ፣ ሰው ሲሞላባት ሆዷ መሬት ሊነካ ይደርሳል። መሐንዲሱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሞላውን ከመነሻው ማጠንከር፣ ወይም ሸክም በበዛበት መጠን እየጠነከረ የሚሄድ ነገር መፈለግ።

ኢሲጎኒስ ሁለተኛውን መረጠ። አሌክስ ሞልተን የተባለው ወዳጁ በብረት ሞላ ፋንታ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ላስቲክ ሠራለት። ላስቲኩ በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል፤ ቦታም አይፈጅም። መኪናዋ የተገጠመላት ቸርኬ 10 ኢንች ብቻ በመሆኑ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ጠባብ ነበር። የሚኒ ደረቅነት የመጣው እንግዲህ ከዚህ ብልህ መፍትሔ ነው። ከንፉግነት የመጣ ነው ማለት ሥራውን አለማወቅ ነው።

ርዝመቱም የራሱን ያክላል። የሚኒ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚራራቁት በ2 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የፊቱ ጎማ ጉብታውን በመታ በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ የኋላው ይደግመዋል። ከዚህም በላይ አንድ ዓይነት ጉብታ 2 ሜትር የሚራራቁ ጎማዎች ያላትን መኪና የሚያዘነብላት፣ 3 ሜትር የሚራራቁትን የሚያዘነብለውን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አንገትን ወደፊትና ወደኋላ የሚወዘውዘው ይህ ነው። አምራቾቹ ችግሩን ያውቁት ነበር። ከ1964 ጀምሮ የሚኒን የፊትና የኋላ እግሮች በፈሳሽ የሚያገናኝ ሃይድሮላስቲክ የተባለ ዘዴ ገጠሙ፤ የፊቱ ጎማ ሲነሳ ፈሳሹ ወደ ኋላ ሄዶ የኋላውንም ከፍ ስለሚያደርገው መወዝወዙ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በ1969 ወጪው ከብዷቸው ወደ ላስቲኩ መመለስ ጀመሩ።

«ደረቅ ከሆነ መንገድ ይይዛል»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ይህ ነው። የእሽቅድምድም መኪኖች ደረቅ መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ደረቅ የሆነው ሁሉ የእሽቅድምድም መኪና ጠባይ ያለው ይመስላል። የእሽቅድምድም መኪና ግን የሚሮጠው እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ አስፋልት ላይ ነው፤ ብዙዎቹም አየሩ ራሱ ወደ መሬት ይጫናቸዋል። ወደ ቢሮና ወደ ገበያ የምትሄድ መኪና ይህ ዕድል የላትም።

ጎማ መንገድ የሚይዘው መንገዱን ሲነካ ብቻ ነው። በጎረበጠ መንገድ ላይ ሞላው ከልክ በላይ ከጠነከረ ጎማው ጉብታውን ተከትሎ መውረድ ያቅተውና ለቅጽበት አየር ላይ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ፍሬንም መሪም ሥራ የላቸውም። ጠንካራ ሞላ የሚጠቅመው የመኪናዋ አካል በኩርባ ላይ እንዳይጋደል፣ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫዋ እንዳይደፋ ነው። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ወሰን ግን አለው።

የወሰኑን ቦታ በደንብ ያሳየው ኮሊን ቻፕማን ነው። የሎተስ መሥራች የነበረው ይህ ሰው በ1962 ያወጣት ኤላን እጅግ ቀላልና ቀልጣፋ ነበረች፤ ሞላዎቿ ግን ለስላሳ ነበሩ። አካሏ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው በጥንቃቄ የተመረጠው ሾክ አብዞርበር ነበር። ኤላን ዛሬም ድረስ በመንገድ አያያዟ ትጠቀሳለች፤ በደረቅነት ግን የሚያነሳት የለም። ሚኒም ብትሆን በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው ስላንገጫገጨች አልነበረም። ቀላል ናት፣ የሚገፏት የፊት ጎማዎቿ የሞተሩ ክብደት ያረፈባቸው ናቸው፣ አራቱም ጎማዎቿ ወደ ማዕዘኖቿ ተገፍተው የቆሙ ናቸው። በረዶ ላይ የረዳት ይህ ነው።

«ጊዜ ሲያገኝ ሞላው ይለሰልሳል»

አይለሰልስም። የብረት ሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በብረቱ ባሕርይ፣ በሽቦው ውፍረት፣ በጥምዙ ስፋትና በጥምዞቹ ብዛት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በመንዳት ብዛት የሚለወጥ የለም። ውፍረቱ ያለው ኃይል በተለይ ያስገርማል። ሽቦው በ10 በመቶ ቢወፍር ሞላው በ46 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ሞላ ሲያረጅ ቁመቱ ይቀንሳል እንጂ ጥንካሬው አይቀንስም። ቁመቱ ሲቀንስ ደግሞ ጎማው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ጠቦ መኪናዋ መጨረሻ ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ያረጀ ሞላ ስለዚህ ከአዲሱ የባሰ ያንገጫግጫል።

እምነቱ የማይሞተው ግን ባለቤቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእርግጥ እፎይታ ስለሚሰማው ነው። አዲስ ሾክ አብዞርበር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይዞ ስለሚንቀሳቀስ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ጥቂት ይፈታል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ለውጥ የሚያመጣው ግን አሽከርካሪው ራሱ ነው። የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ያውቃል፣ ፍጥነት መቀነሻው ጋ ሳይደርስ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ መሪውን አንቆ መያዙን ይተዋል። ትከሻው ሲላላ ክንዱ ንዝረቱን ወደ አንገቱ ማስተላለፉን ያቆማል። ሰውነት ይህን የሚማረው ሳያስታውቅ ስለሆነ ምስጋናው ለሞላው ይሰጣል።

«ጋራዥ ወስደህ ሞላውን አስቆርጠው» ወይም «መሃሉ ላስቲክ አስገባበት»

እነዚህ ሁለት ምክሮች ዓላማቸው ይለያያል። መቁረጥ መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ነው፤ በጥምዞቹ መካከል ላስቲክ ማስገባት ደግሞ ከፍ ለማድረግና ሥሯ ፍጥነት መቀነሻ እንዳይነካ ለማዳን ነው። ሁለቱም ግን «ይመቻል» ተብለው ይሸጣሉ፤ ሁለቱም የሚያመጡት ተቃራኒውን ነው።

ሞላ የሚለሰልሰው ጥምዞቹ ሲበዙ ነው። የሚሠሩ 6 ጥምዞች ካሉት ሞላ ላይ አንዱ ቢቆረጥ የቀረው በ20 በመቶ ይጠነክራል። በጥምዞች መካከል የገባ ላስቲክም ያንን ጥምዝ አስሮ ከሥራ ስለሚያወጣው ያው ነው። መኪናዋ ከፍ ማለቷ እውነት ነው፤ ባለቤቱም ሥሯ አስፋልት መንካት ሲያቆም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። የተፈታው ግን የመንካቱ ችግር ነው፤ መንገጫገጩ ጨምሯል። የተቆረጠ ሞላ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ጫፉ በመቀመጫው ላይ በትክክል ስለማያርፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ይህን ሥራ በድፍረት የሚሠራ መካኒክ ቢገኝም እምቢ ማለት ይገባል።

«የጎማውን ንፋስ ቀንስ፣ ይመችሃል»

ጥቂት ይመቻል፤ እምነቱ የሚጸናውም በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱ ወዲያው ይሰማል፣ ክፍያው ግን ይዘገያል። ንፋሱ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ዳርና ዳሩ ያልቃል፣ ነዳጅ ይጨምራል፤ ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ ሲገጥመው ደግሞ ጎማው በቸርኬው ጠርዝና በአስፋልቱ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የአነስተኛና ስፖርታዊ መኪኖች ጎማ ጎኑ አጭር ስለሆነ ይህ የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ፈጥኖ ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው፤ እዚያ ድረስ መሞላት አለበት ማለት አይደለም። ብዙ ጎሚስታዎች ይህን ያውቃሉ፤ ያም ሆኖ አንዳንዱ ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ስለሚሞላ፣ ደረቀብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ማስለካት ያለበት ይህን ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ጎማው ሳይሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲለወጥ የጎማው ግፊት 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይለወጣል።

ጎማ ላይ እውነተኛ መፍትሔ አለ፤ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቢ.ኤም.ደብሊው በ2001 ያወጣት አዲሷ ሚኒ እንደ ደረጃዋ 175/65 አር 15 ወይም 205/45 አር 17 ጎማ ይገጠምላት ነበር። ቁጥሩን ማስላት ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የጎኑ ቁመት ከስፋቱ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቁጥር፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያው ጎማ የጎኑ ቁመት 114 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 92 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ሙሉ ቁመት ግን እኩል ለማለት ይቻላል። ማለትም በትልቁ ቸርኬ ምክንያት የጠፋው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ የላስቲክና የአየር ትራስ ነው። ትልቅ ቸርኬ ውበት አለው፤ ሰው የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ምቾት የቸገረው ግን ሞላ ከመነካካቱ በፊት ፋብሪካው ለዚያችው መኪና የፈቀደውን ትንሽ ቸርኬ ያስገጥም፤ የፍሬኑን ዕቃ እንደማይነካ ካረጋገጠ በኋላ።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው ራን ፍላት የሚባለው ጎማ ነው። ንፋሱ ቢያልቅም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ እንዲያስኬድ ጎኑ በወፍራም ላስቲክ ተጠናክሯል። ያ ጠንካራ ጎን ትንሹን ስንጥቅ ሁሉ ወደ መሪው ያመጣዋል። ጠንካራ በመሆኑ አይቀደድም ብሎ ማመን ግን ስህተት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን በረዶው ሲቀልጥ አስፋልቱን የሚበሳሳውን ጉድጓድ ያውቁታል፤ እንዲህ ዓይነቱ ጠርዝ ራን ፍላቱንም ያሳብጠዋል፣ ቸርኬውንም ያጣምመዋል። ወደ ተራ ጎማ መቀየር መኪናዋን በግልጽ ያለሰልሳታል። የሚረሳው ነገር አብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ የቀየረ ሰው የጎማ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ይዞ መዞር አለበት።

«ስፖርት የሚለውን ቁልፍ ካጠፋኸው ይለሰልሳል»

በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ቁልፉ የሚለውጠው የነዳጁን ፍጥነትና የመሪውን ክብደት ብቻ ነው። ሾክ አብዞርበሩን የሚለውጠው በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ሆኖ የተገጠመ እንደሆነ ነው፤ ያኔም ቢሆን የብረት ሞላው ያው ነው። መኪናው ሲረጋጋ ሰውም ስለሚረጋጋ የለሰለሰ ይመስላል።

«በፍጥነት ካለፍከው አይሰማህም»

ይህን የሚሉት በኮረኮንች መንገድ ብዙ የነዱ ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ማረም ያስቸግራል። ደቃቅ ሞገድ በሠራ ኮረኮንች ላይ ፍጥነት ሲጨምር መንገጫገጩ በእርግጥ ይቀንሳል። ጎማው ከአንዱ ሞገድ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ስለሚሄድ መሃሉን አይነካም። ዋጋው ደግሞ እዚያው ነው ያለው። መንገዱን የማይነካ ጎማ አይታዘዝም፤ ኩርባ ወይም ከብት ድንገት ሲመጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ስፖርታዊዋ ትንሽ መኪና ጎማዎቿ የሚንቀሳቀሱበት ክፍተት አጭር ስለሆነ ይህን ጨዋታ የምትችልበት አቅም ከፒክ አፕም ከላንድክሩዘርም ያነሰ ነው።

ጉድጓድ ላይ ከሆነ ግማሽ እውነት እንኳ የለውም። የምቱ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል፤ በሰዓት 60 የመጣ መኪና በ30 ከመጣው አራት እጥፍ ጉልበት ይዟል። የሚጠቅመው አስቀድሞ ፍሬን ይዞ፣ ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ሲል ግን መልቀቅ ነው። ፍሬን እንደተያዘ የገባ መኪና ክብደቱ ወደፊት ስለሚደፋ የፊቱ ሞላ አስቀድሞ ተጨምቆ ይጠብቃል፤ የሚቀበልበት ቦታ አይኖረውም። ይህች አንዲት ልማድ ብዙ ቸርኬ ታድናለች።

«ሲያንገጫግጭ ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል ማለት ነው»

የሞተ ሾክ አብዞርበር ምልክቱ ሌላ ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ የሞላውን መዝለል ይገታል። ሥራውን ሲያቆም መኪናዋ ጉብታውን ካለፈች በኋላም ትነጥራለች፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ዘይት ሲንጠባጠብ ይታያል። ጤነኛ ስፖርታዊ መኪና ጉብታ ስትመታ አንድ አጭር ምት ትሰጥና ጸጥ ትላለች። ቀጭ ቀጭ ወይም ገጭ ገጭ የሚል ድምፅ ካለ ግን ደረቅነት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ያለቀ ቡሺንግ ወይም የላላ መገጣጠሚያ አለ።

«ወገብ ይሰብራል»

ፍርሃቱ የሚናቅ አይደለም፤ መነሻም አለው። ትራክተርና ቡልዶዘር በሚያሽከረክሩ ሠራተኞች ላይ ለዓመታት የዘለቀ ንዝረት የወገብ ሕመም እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ንዝረት በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ 1.15ን ደግሞ ፈጽሞ እንዳያልፍ ደንግጓል። አስፋልት ላይ የምትሄድ የቤት መኪና፣ ደረቅ ብትሆንም፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ስትነዳ በተለምዶ ከታችኛው ልክ በታች ናት።

ወገብን ይበልጥ የሚጎዳው አቀማመጥ ነው። የስፖርታዊ መኪና ወንበር ዝቅ ብሎ ጎንና ጎን ስለሚይዝ ሰው እግሩን ዘርግቶ ጀርባውን አጎብጦ ይቀመጣል። መቀመጫው ቀረብ፣ መደገፊያው ቀና ተደርጎ ዳሌ እስከ ጥጉ ሲገባ ልዩነቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ቀድሞ የወገብ በሽታ ያለበት ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ መኪናዋንም በጎረበጠ መንገድ ላይ ይሞክራት።

«ልጆቹን የሚያስመልሳቸው ደረቅነቱ ነው»

የጉዞ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ከዝግተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ አንዱ ውዝዋዜ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከሚፈጅ። የመርከብ መወዝወዝ፣ የረጅም ኩርባ መጋደል፣ በትራፊክ መሃል ነዳጅና ፍሬን እየተፈራረቁ መሄድ እንዲህ ናቸው። ሞላ ላይ ያለ የመኪና አካል በተፈጥሮው የሚወዛወዘው ከዚያ ፈጥኖ ነው፤ ለስላሳ የቤተሰብ መኪና በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ በለጥ፣ ስፖርታዊዋ ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ልጁ ሲያቅለሸልሸው ሊታረም የሚገባው የሾፌሩ እግር ነው። ስፖርታዊ መኪና ለነዳጅ ቶሎ ስለምትመልስ ሾፌሩን ለዚህ ትፈትነዋለች።

ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያማርረው ግን በእውነት ምክንያት አለው። በ1930ዎቹ ለካዲላክ የሠራው ሞሪስ ኦሊ የተባለ መሐንዲስ፣ መኪና ጉብታ ካለፈ በኋላ እንዳይወዛወዝ ከተፈለገ የኋላው ከፊቱ ፈጥኖ መመለስ እንዳለበት አሳየ። የኋላው ምቱን የሚቀበለው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ፈጥኖ ሲመለስ ከፊቱ ጋር ይገጥምና አካሉ ይረጋጋል። ለዚህም የኋላ ሞላዎች ከሚሸከሙት ክብደት አንጻር ጠንከር ይደረጋሉ። በትንሽ መኪና ደግሞ የኋላ ወንበር ከኋላ ጎማዎቹ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ነው። ሾፌሩ በሁለቱ ጥንድ ጎማዎች መካከል ስለሚቀመጥ ከሁለቱም ምት ይርቃል፤ መንገዱን አስቀድሞ ያያል፣ መሪውን ይዞ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ከኋላ ያለው ምንም ሳያይ ይቀበለዋል። ስለዚህ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው «ይመቻል» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሻጩን መሪ አስይዞ፣ እርሱ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ኮብልስቶን ላይ አንድ ዙር መሄድ አለበት።